የወረዳ ዳኛ ሁለተኛ ዲግሪ ይማር?

ጥያቄ፦ ዲማ አካባቢ የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ነኝ፤ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ሁለተኛ ዲግሪ መማር ይጠቅመኛል? በምን ዘርፍስ?

መልስ፦ ይጠቅምዎታል፤ ለማዕረግ ብለው ግን አይጀምሩት። ለዳኝነትም ሆነ ለጥብቅና የመጀመሪያው ዲግሪ ይበቃል። ሁለተኛው ዋጋ የሚኖረው ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ወይም በአንድ ዘርፍ ጠልቀው ለመግባት ካሰቡ ነው።

ለእርስዎ የሚቀርበው የመሬት ሕግ ነው። የድንበር፣ የውርስና የኪራይ ክርክር በየዕለቱ ችሎትዎ ይቀርባል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው።

እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ግን ሽምግልና ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ተከራካሪዎች ከፈቀዱ፣ በባህልና በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ይፈቅዳል። ወንጀል ሲሆንስ? ሽማግሌ ያስታረቀው ጠብ ከዐቃቤ ሕግ ክስ ጋር ሲጋጭ ምስክሮች ቃላቸውን ይለውጣሉ፤ ዳኛውም ባዶ መዝገብ ታቅፎ ይቀራል። ይህን ከችሎት ወንበር ሆኖ ያየ ሰው የሚጽፈው ጥናት ለአገር ያስፈልጋል። የዲማ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ስለ ጥንቱ የሕግ መጽሐፍ፣ ስለ ፍትሐ ነገሥት፣ የሚያጫውቱዎት አያጡም።

ለመግባት የትምህርት ሚኒስቴርን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለብዎት። እስከዚያው የጥናት ሐሳብዎን በአንድ ገጽ ይጻፉና በዘርፉ ለሚያስተምር መምህር ያሳዩ።