«አለቀ» የምትለው ትንሿ ሳጥን

በዛሬው የሂሳብ አምዳችን ስለ አንዲት ትንሽ ምልክት ነው የምጽፍላችሁ። ይቺ ናት፦ ∎። በሂሳብ መጻሕፍት ውስጥ ማረጋገጫ ሲያልቅ በገጹ ቀኝ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። አንዳንዱ መጽሐፍ ውስጧን ያጠቁረዋል፣ አንዳንዱ ባዶ ይተወዋል። ማስጌጫ ትመስላለች፣ ግን ሥራ አላት።

ማረጋገጫ ስንል ምን ማለታችን ነው? «ሁለት ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ ተጋማሽ ቁጥር ይሰጣሉ» እንበል። አንዱ 3 + 5 = 8፣ 7 + 9 = 16 ብሎ «በቃ ተረጋገጠ!» ይላል። ይሄ ምሳሌ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው እንዲህ ነው። ብዛታቸው ኢ-ተጋማሽ የሆኑ ብርቱካኖችን ሁለት ሁለት አድርገን ስናጣምር ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል። ከሁለተኛው ክምርም እንደዚሁ አንድ ይተርፋል። ሁለቱ ትርፎች ሲገናኙ እነሱም ጥንድ ሆኑ። ያለ ጥንድ የቀረ ስለሌለ ድምሩ ተጋማሽ ነው። ∎

አያችሁ? ሳጥኗን እዚህ ሳልኳት፤ ምክንያቱም ለየትኛውም ክምር ይሠራል።

«ምሳሌ ብቻ ቢሆን ምን ችግር አለው?» ለምትሉኝ ይሄን ሞክሩ። አንድ ቁጥር ያዙ፣ በራሱ አባዙት፣ ራሱን ደምሩበት፣ ከዚያ 41 ጨምሩ። 1 ብትይዙ 43፣ 2 ብትይዙ 47፣ 3 ብትይዙ 53 ይመጣል። ሁሉም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈሉም። እስከ 39 ድረስ ብትሄዱም እንደዛው ነው! ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ሞክሮ ሳጥን የሳለ ሰው ግን 40 ላይ ጉድ ይፈላበታል፦ 40 × 40 + 40 + 41 = 1681፣ እሱ ደግሞ 41 × 41 ነው።

ድሮ በሳጥኗ ፈንታ የሚጻፈው ቃል ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የኖረው የእስክንድርያው ዩክሊድ ማረጋገጫዎቹን በግሪክኛ «ሊታይ የሚገባው ይኸው ነበር» እያለ ይዘጋ ነበር። በኋላ ላቲኖቹ ይህንኑ በሦስት ፊደል አሳጠሩት፤ ኪው፣ ኢ፣ ዲ ይባላል። ሳጥኗን ወደ ሂሳብ ያመጣት እ.ኤ.አ. በ1916 በቡዳፔስት ተወልዶ አሜሪካ የኖረው የሂሳብ ሊቅ ፖል ሃልሞስ ነው። ከየት አገኛት ብትሉ ከመጽሔት! በመጽሔቶች ውስጥ ጽሑፍ ማለቁን የምታሳይ ምልክት ነበረች። (በእኛ በግዕዝ ጽሑፍም ምንባብ ሲያልቅ ፨ ይደረጋል፤ እኔ እንደውም ከሳጥኗ ይልቅ እሱ ያምረኛል።)

አሁን ሂሳብ በኮምፒውተር ሲጻፍ ላቴክ የሚባለው ፕሮግራም ሳጥኗን ራሱ ያስቀምጣታል። ችግሩ ማረጋገጫው ለብቻው መሐል ላይ በተጻፈ ስሌት ሲያልቅ ነው። ያኔ ሳጥኗ ወርዳ ባዶ መስመር ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። አንባቢም «ከመሐል የተዘለለ መስመር አለ እንዴ?» ብሎ ይጠራጠራል። ስለዚህ ጸሐፊው «እዚሁ ስሌቱ አጠገብ አድርጋት» የሚል ትእዛዝ ይሰጠዋል።

መጽሔታችንን በእጅ ለምትጽፉ የክለባችን አባላትም ይሄው ይሠራል። የመጨረሻውን መስመር ስትጽፉ በስተቀኝ ቦታ ተዉላት። ቦታ ካጠረ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርም አብራችሁ ወደሚቀጥለው ገጽ ውሰዱት፤ ብቻዋን አትሻገር።

የዛሬው ጥያቄ፦ 4 + 5 + 6 = 15፤ 15 ለ3 ይካፈላል። ማንኛውም ሦስት ተከታታይ ሙሉ ቁጥሮች ሲደመሩ ለ3 እንደሚካፈሉ አረጋግጡ። ፍንጭ ልስጣችሁ፦ ከትልቁ ላይ አንድ ቀንሳችሁ ለትንሹ ስጡት። መልሳችሁን እስከ ዓርብ ለክለባችን አስረክቡ፣ ሳጥኗን መሳል እንዳትረሱ። ምሳሌ ብቻ ከጻፋችሁ ግን አትሳሏት፣ እናያለን!