ለጀማሪ ነጂ ስለሚሆን የሞቶር ብስክሌት አመራረጥ

ከድሬ ዳዋ በስተምዕራብ በሁርሶ ቆላ ለሚሠራ የእርሻ ሠራተኛ ሞቶር ብስክሌት የሚገዛ ሹም፥ አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው የሞቶሩን ኃይል ሳይሆን የነጂውን አቅም ነው። በኮርቻው ላይ ሆኖ ሁለት እግሩ ከመሬት የማይደርስለት ጀማሪ፥ ከአሸዋ ሲገባ ከኋላው ካፈናጠጠው ሰው ጋራ ይወድቃል። ስለዚህ ከ125 ሴንቲ ሜትር ኩብ የማይበልጥ፥ ክብደቱ ቀላል፥ ኮርቻውም ዝቅ ያለ ይመረጥለት፤ ከዚያ በላይ ያለው ለጀማሪ ከታይታ በቀር ጥቅም የለውም። ለተፈናጣጩም የራሱ መቀመጫና የእግር መርገጫ መኖሩ ይመርመር። ሰው ሲፈናጠጥ ክብደቱ በኋላው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ መሪው ይቀልላል፥ ለመቆምም ረዘም ያለ ርቀት ያስፈልጋል፤ የጎማውም ነፋስ ሠሪው ፋብሪካ በወሰነው መጠን ይጨመራል። ነጂው ብቻውን እየነዳ ፍሬንና ማርሽ ሳይለምድ ማንንም አያፈናጥጥ። አሸዋማውን ደረቅ ወንዝ ሲሻገርም፥ የተፈናጠጠው ሹም እንኳ ቢሆን ወርዶ በእግሩ ይሻገር።