ክፉ ወሬ ሲበዛ፦ ከኸንደቅ ቀን የምንማረው

 

ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ ከደርስ በኋላ ቀረት ብሎ «ኡስታዝ፣ ሱብሒ ካመለጠኝ አራት ቀን ሆነኝ» አለኝ። ስንፍና መስሎኝ ነበር። ለካ ቤተሰቦቹ ያሉበት አካባቢ ሰላም አይደለም፤ ስልክም እንደልብ አይሠራም። ልጁ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከአንዱ የቴሌግራም ቻናል ወደ ሌላው እየዞረ ወሬ ሲፈልግ ያመሻል። «እንዲህ የምጨነቀው ኢማኔ ደክሞ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

መልሴ ለሁላችሁም ይሁን። መጨነቅ በራሱ የኢማን ድክመት አይደለም። ነብዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን የዓይናቸውን ብርሃን አጥተዋል። ሆኖም ስሞታቸውን ለአላህ አቀረቡ፤ ልጆቻቸውንም ተስፋ ሳይቆርጡ ሄደው እንዲፈልጉ ላኩ። ሐዘኑም፣ ተስፋውም፣ ሥራውም በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ነበሩ።

አሁን ወደ መዲና እንሂድ። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ የአሕዛብ ጦር ከተማዋን ከበበ። ሙእሚኖች በዚያን ቀን ምን ያህል እንደተጨነቁ አላህ በሱረቱል አሕዛብ ሳይሸሽግ ነግሮናል። በዚህ መሐል በኑ ቁረይዟ ቃል ኪዳን አፈረሱ የሚል ወሬ መጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምን አደረጉ? ኢብን ኢስሐቅ በሲራቸው እንደዘገቡት፣ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝንና ሰዕድ ኢብን ዑባዳን ከሌሎች ሶሐቦች ጋር እንዲያጣሩ ላኩ። ወሬው እውነት ከሆነ ለእርሳቸው ብቻ በሚገባ ፍንጭ እንዲነግሯቸው፣ ሐሰት ከሆነ ግን በሰው ፊት በግልጽ እንዲናገሩት አዘዙ። የሰው ልብ እንዳይሰበር ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር እንያዝ።

1ኛ፦ አጣሩ። ሃያ ቻናል ከማገላበጥ አንድ የምታምኑት ሰው ይበልጣል። ለወሬ ሰዓት መድቡለት፤ ከዒሻ በኋላ ስልኩ ከመኝታ ቤት ውጭ ይደር።

2ኛ፦ ያላጣራችሁትን አታስተላልፉ። እውነት ቢሆን እንኳ ለማንና እንዴት እንደምትነግሩ አስቡ። ለእናታችሁ በሌሊት የምትልኩት የሬሳ ፎቶ ማንንም አያድንም።

3ኛ፦ እጃችሁን ሥራ አስይዙ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በኸንደቅ ቀን ዱዓ እያደረጉ አፈር ይሸከሙ ነበር። የእናንተ አፈር የዘመድ ስልክ መሞከር፣ ለተፈናቀለ ሰደቃ መስጠት፣ ወይም የነገውን ፈተና ማጥናት ሊሆን ይችላል።

ስትተኙ ውዱእ አድርጉ፤ አየተል ኩርሲንና ሦስቱን ቁሎች ቅሩ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካለ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መታከም ከተወኩል ጋር አይጣላም፤ ታከሙ ያሉን ነብያችን ናቸው።

ተማሪዬን ትናንት ሱብሒ ላይ ሰፍ ውስጥ አየሁት። ከቤተሰቦቹ ገና ወሬ አልመጣም። ዛሬ ከዐስር በኋላ፣ መግሪብ ከመግባቱ በፊት ባለችው ሰዓት፣ ለእርሱና እንደ እርሱ ለሚጠብቁ ሁሉ ዱዓ እናድርግ።

አላህ የራቁብንን ይጠብቅልን፤ ልባችንንም ያርጋልን። አሚን።