«ቴ ኪዬሮ» ሲለኝ ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄ፦ የማድሪዱ ፍቅረኛዬ ሁልጊዜ «ቴ ኪዬሮ» ይለኛል፤ «ቴ አሞ» ብሎኝ ግን አያውቅም። ፍቅሩ ጎደሎ ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ በዚህ ብቻ አትጠርጥሪው። «ኪዬሮ» የመጣበት የስፓኒሽ ግስ «ኬሬር» መፈለግም መውደድም ነው፤ «ቴ ኪዬሮ»ን እናት ለልጇ፣ ባል ለሚስቱ፣ ጓደኛ ለጓደኛው ይለዋል። «ቴ አሞ» («አፈቅርሻለሁ») ስፔን ውስጥ ከበድ ይላል፤ ብዙዎች ለልዩ ጊዜ ያቆዩታል። ሜክሲኮ ቢሆን ጥንዶች አዘውትረው ይባባሉታል።

እኔ ይበልጥ ጆሮ የምሰጠው ለ«ሜ አሴስ ፋልታ» ነው። «ጎደልሽብኝ» እንደማለት ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ናፋቂው ሳይሆን አጠገቡ የሌለችው ናት። የእኛም «ናፈቅሽኝ» እኮ እንዲሁ ነው፦ አድራጊዋ አንቺ፣ የሚደረግበት እሱ። ስትለያዩ በስልክ ይህን ካለሽ፣ ቤቱ ውስጥ ያንቺ ቦታ ባዶ ሆኖበታል ማለት ነው።