የሸረሪት ድር ስለ ምን ልብስ አይሆንም?

የክረምቱ ዝናም አባርቶ በመስከረም መጨረሻ ፀሐይ ሞቅ ስትል፥ በጓሮው አጥር ሥር ጥቂት ቆሞ የሚመለከት ሰው ብዙ ነገር ያያል። ንብ በአደይ አበባ ላይ ታርፋለች፤ ገብረ ጉንዳንም ይመላለሳል። የእርሱን ትጋት ጠቢቡ ሰሎሞን አስቀድሞ ስለ ነገረን (ምሳ. 6፥6) በዚህ አንዘገይም።

ሸረሪት ግን ስምንት እግር ስላላት ከባለ ስድስት እግሮቹ ነፍሳት ወገን አትቈጠርም። ድሯ በሆዷ ውስጥ ሳለ ፈሳሽ ነው፤ ተስቦ ሲወጣ ይጠነክራል። ክብ ድር የምትሠራይቱ ከመካከል ወደ ዳር የሚዘረጉትን ክሮች አስቀድማ ትወጥራለች፤ እነዚህ አያጣብቁም፥ እርሷ ትረማመድባቸዋለችና። ከዚያ በኋላ የሚያጣብቀውን ክር ታዞርባቸዋለች። ዝንብ ሲያዝ በክሩ መንቀጥቀጥ ታውቃለች። ድሩ ባረጀ ጊዜም ብዙዎቹ መልሰው በልተውት ሌላ ይሠራሉ።

እንግዲህ ነቢዩ ኢሳይያስ የዓመፀኞችን ሥራ በሸረሪት ድር መስሎ ልብስ እንደማይሆን ሲናገር (ኢሳ. 59፥5-6) ስንፍናን መንቀፉ አይደለም። ትጋትስ ከዚህ ወዲያ ምን አለ! ነገር ግን ድሩ ለመያዝ ተሠራ እንጂ ለማልበስ አልተሠራም። ሸረሪት እንደ ተፈጠረች ትኖራለችና ነውር የለባትም። ሰው ግን በአራጣና በሐሰት ሚዛን እየተጋ ትጋቱን እንደ ጽድቅ ይቈጥረዋል፤ ከትርፉም ቀንሶ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ ይሰጣል። መጋረጃውን የሚቀበለው ካህንም ክሩ ከየት እንደ ተፈተለ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም።