ተጋብዞ ከደጅ መቅረት
(ለተጋባዥ አንባቢዎችና ለጋባዦቻቸው የቀረበ አጭር ጥናት)

«ጠሪ አክባሪ» ይላል ያገራችን ሰው። ተጠርቶ ከደጅ የተመለሰ እንግዳ ግን አክብሮቱ ወደ ቅሬታ ይለወጥበታል። ጠሪው «ንቆኝ ቀረ» ይላል፤ ተጠሪውም «ጠርቶ ዘጋብኝ» ይላል። ሁለቱን ያጣላቸው አንድ በር ብቻ መሆኑን የሚያስተውል የለም።

ይህ ነገር ዛሬ በእኛ በተማሪዎች ዘንድ የዘወትር ሆኗል። አንዱ ጓደኛችን ገና ያልታረመ ግጥሙን፥ ወይም የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ፥ በጎግል ድራይቭ ላይ ያስቀምጥና ስምንት ወይም ዐሥር ሰዎች ብቻ አንብበው እንዲተቹለት ይጋብዛል። ከተጋበዙት መካከል ገሚሶቹ ገብተው ሲያነቡ የቀሩት «ፈቃድ ያስፈልግዎታል» የሚል ትርጉም ያለው ማስታወቂያ ይጠብቃቸዋል። ከዚህ በኋላ በችኰላ ሁለት መላ ይመታል። አንዱ ጽሑፉን ሊንኩን ለያዘ ሰው ሁሉ መክፈት ነው፤ ሁለተኛው የገባው ሰው የይለፍ ቃሉን ላልገባው ማዋስ ነው። ሁለቱም ለጊዜው ይገላግላሉ፤ ነገር ግን የግብዣውን ዋና ዓላማ ያፈርሳሉ። ስለዚህ በሩ የሚዘጋበትን ምክንያት በየተራው መርምረን፥ ጽሑፉን ሳናጋልጥ የምንገባበትን መንገድ ለመግለጽ አስበናል።

በሩ ምን ይጠይቃል?

በቀድሞው ዘመን በመኳንንት ግቢ እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹም ነበር። ከእልፍኙ በር ቆሞ የሚገባውንና የማይገባውን የሚለይ እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ሹም ሥራውን በደንብ ለመሥራት ሦስት ነገር ማወቅ ያሻዋል። መጪው «ማን ነኝ» ይላል? ነኝ ያለውን ሰው ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለው? እርሱስ ይግባ ተብሏል ወይ?

የኮምፒዩተሩም በር የሚጠይቀው እነዚህኑ ሦስቱን ነው። ለመጀመሪያው የኢሜይል አድራሻችንን፥ ለሁለተኛው የይለፍ ቃላችንን እንሰጣለን። ለሦስተኛው ግን እኛ የምንሰጠው ምንም ነገር የለም፤ መልሱ የሚገኘው ጋባዡ በጻፈው የተጋባዦች መዝገብ ውስጥ ነው።

አብዛኛው ሰው በሩ ሲዘጋበት «የይለፍ ቃሌ ተበላሸ» ብሎ ሌላ የይለፍ ቃል ማውጣት ይጀምራል። ዳሩ ግን «ፈቃድ ያስፈልግዎታል» የሚለው ገጽ የእኛን አድራሻ ጽፎ ካሳየን፥ በሩ ማን እንደሆንን ዐውቋል ማለት ነው፤ ያጣው በመዝገቡ ላይ ስማችንን ነው። የይለፍ ቃል መቀያየር እዚህ ላይ አንዳች አይረባም። ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር፥ ግብዣው የተጻፈው ለአድራሻ እንጂ ለሰው አለመሆኑን ነው። ሰውየው አንድ ሲሆን አድራሻው ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል።

የመዘጋት ምክንያቶች

አንደኛ፤ በሌላ አድራሻ መምጣት። እኛ እንዳስተዋልነው ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ብዙዎቻችን አንድ የግል ጂሜይልና አንድ ከትምህርት ቤት የተሰጠን አድራሻ አለን። ጋባዡ በአንዱ ሲጠራን እኛ በሌላው እንመጣለን። ሁለቱም አካውንቶች በአንድ ብራውዘር ላይ ተከፍተው እንደሆነ፥ ብራውዘሩ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የገባንበትን ስለሚያስቀድም፥ ሳናውቀው ባልተጠራንበት ስም እናንኳኳለን። መፍትሔው የግብዣው መልእክት በየትኛው አድራሻ እንደ ደረሰን ማየት፤ ቀጥሎም በከለከለን ገጽ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ማንበብ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ አካውንት መቀየሪያውን ተጭኖ በተጠሩበት መግባት ነው። በቤተ መጻሕፍትና በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ከእኛ በፊት የተቀመጠው ሰው አካውንቱን ሳይዘጋ ሄዶ ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ የእርሱን መዝጋት፥ ስንነሣም የራሳችንን መዝጋት ይገባል።

ሁለተኛ፤ የአድራሻ አጻጻፍ። ስማችንን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ሁላችን የምንከተለው አንድ ሕግ የለንም። «ኃይሉ» የሚለውን ስም አንዱ በ«አይ»፥ ሌላው በ«ዋይ» ይጽፈዋል። ጋባዡ በጆሮው የሰማውን ገምቶ ጽፎ እንደሆነ፥ ግብዣው ወደማያውቀው ሰው ይሄዳል፤ ወይም ከነጭራሹ የትም አይደርስም። ስለዚህ አድራሻን በቃል ከመናገር ጽፎ መስጠት ይሻላል። በጂሜይል አድራሻ ውስጥ የምትገባው ነጥብ ግን አታሳስብ፤ ኖረችም አልኖረችም ጂሜይል አንድ አድራሻ አድርጎ ይቈጥረዋል። ትልቅና ትንሽ ፊደልም እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት በሚሰጡት አድራሻ ግን ነጥቧ ልዩነት ልታመጣ ስለምትችል እንደ ተሰጠች ትጻፍ።

ሦስተኛ፤ በቴሌግራም መስኮት መክፈት። ሊንኩ በቴሌግራም ደርሶን እዚያው ስንጫነው፥ ገጹ በቴሌግራም በራሱ የውስጥ መስኮት ሊከፈት ይችላል። ያ መስኮት ዘወትር ከምንጠቀምበት ብራውዘር የተለየ ስለሆነ ማን እንደሆንን አያውቅም። ጎግልም እንዲህ ካለ መስኮት መግባትን የሚከለክልበት ጊዜ አለ። ሊንኩን ኮፒ አድርጎ በክሮም ወይም በሌላ ብራውዘር መክፈት ነገሩን ይፈጽማል።

አራተኛ፤ ኩኪ። ኩኪ የሚባለው ብራውዘሩ ስለ እኛ የሚይዘው አጭር ማስታወሻ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1994 የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ያወጣው ዘዴ ነው። በትልቅ መሥሪያ ቤት በር ላይ ከሚሰጥ የእንግዳ ካርድ ጋር ይመሳሰላል፤ አንድ ጊዜ ከታየን በኋላ በየክፍሉ ደጃፍ እንደገና እንዳንጠየቅ ያደርገናል። ካርዱን እንዳይቀበል የታዘዘ ብራውዘር ግን ገና ከመግባታችን «ይግቡ» እያለ መልሶ መላልሶ ያዞረናል። ለመፈተን፥ ኢንኮግኒቶ የሚባለውን የግል መስኮት ከፍቶ በተጠሩበት አድራሻ ብቻ መግባት ነው። በዚያ ከሠራ፥ ችግሩ ያለው በተከማቹት ኩኪዎች ወይም በአካውንቶቹ መደባለቅ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ የጎግልን ኩኪዎች ብቻ መደምሰስ ይበቃል። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ ሁሉን ባንድ ጊዜ የሚደመስስ ሰው ከሌሎቹም ገጾች ሁሉ ይወጣና የረሳውን የይለፍ ቃል ሲፈላልግ ይውላል።

አምስተኛ፤ ዘመንና ሰዓት። ይህ በተለይ የእኛ የኢትዮጵያውያን ችግር ነው። በስልኩ ላይ የአገራችንን ዓመተ ምሕረት የሞላ ሰው ስልኩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ አስቀርቶታል። ብራውዘሩ አንድን ገጽ ከመክፈቱ በፊት የገጹን የማንነት ምስክር ወረቀት ከስልኩ ቀን ጋር ያመሳክራል። ወረቀቱ ገና ወደ ፊት የሚሰጥ መስሎ ስለሚታየው «አደጋ አለ» ብሎ ይከለክላል። ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰው ደግሞ ሌላ እክል ያገኘዋል። በስልክ ላይ በየ30 ሰኮንዱ የሚለዋወጠው የማረጋገጫ ቍጥር ከሰዓት ተቀምሮ የሚወጣ ስለሆነ፥ ሰዓቱ ሲዛባ ቍጥሩም ሊዛባ ይችላል። የሚሻለው ስልኩ ቀኑንና ሰዓቱን በራሱ ከኔትወርክ እንዲወስድ መተው ነው። ሰዓቱን እንደ አገራችን አቈጣጠር ማየት የሚወድ፥ ሰዓቱን ሳይነካ የሰዓት ክልሉን ብቻ ወደ ቦነስ አይረስ ቢለውጥ፥ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፥ ጧት ሰባት የሚለው አንድ ሰዓት ይሆንለታል፤ የስልኩም የውስጥ ቀመር አይዛባም።

ስድስተኛ፤ የጠፋ ስልክ። ሁለተኛውን ማረጋገጫ በስልክ መልእክት የሚቀበል ሰው ቍጥሩን ሲለውጥ፥ የይለፍ ቃሉን እያወቀ ከውጭ ይቀራል። ለዚህ ጎግል ስምንት ስምንት አኃዝ ያላቸው 10 የመጠባበቂያ ቍጥሮች ይሰጣል፤ እያንዳንዱም አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። በሰላሙ ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ እንጂ ስልኩ ከጠፋ በኋላ መፈለግ ከንቱ ነው።

የጋባዡ ድርሻ

እስካሁን የተናገርነው ለተጋባዡ ነው፤ ጋባዡም ከኀላፊነት አያመልጥም። አስቀድሞ እያንዳንዱን ሰው «በየትኛው አድራሻ ልጥራህ? ልጥራሽ?» ብሎ ይጠይቅ። አንዳንድ ተቋሞች በሰጡት አካውንት የተቀመጠ ጽሑፍ ለውጭ አድራሻ እንዳይጋራ ያግዳሉና፥ ረቂቁ ያለበት አካውንት እንዲህ ያለ መሆኑን ይመልከት። ማንበብ ብቻ የተፈቀደለትን፥ አስተያየት መጻፍ የተፈቀደለትንና ማረም የተፈቀደለትንም ለይቶ ይወስን።

ተጋባዡ ከከለከለው ገጽ ላይ ፈቃድ ሲጠይቅ ጥያቄው ለጋባዡ በኢሜይል ይደርሳል። ያን ጊዜ ስሙን ብቻ አይቶ መፍቀድ አይገባም፤ ማንም ሰው የፈለገውን ስም ማውጣት ይችላልና አድራሻውን ይመርምር፤ ቢጠራጠር ጓደኛውን በስልክ ይጠይቅ። «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» የሚባልለት ሰው በዚህም በር አይጠፋም። ተጋባዡም በበኩሉ ካላወቀው ሰው ግብዣ ቢመጣለት፥ የይለፍ ቃሉን ከመጻፉ በፊት ገጹ በእውነት የጎግል መሆኑን በላይ ከተጻፈው አድራሻ ያረጋግጥ።

ስለ ሁለቱ የችኰላ መላዎች

ሊንኩን ለያዘ ሁሉ መክፈት ማለት የተጋባዦቹን መዝገብ መቅደድ ማለት ነው። ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ማን ለማን እንዳሳለፈው ለማወቅ አይቻልም። የይለፍ ቃል ማዋስ ደግሞ አንድን ረቂቅ ብቻ ማዋስ አይደለም፤ ደብዳቤን፥ ፎቶግራፍን፥ ሌላውንም የግል ጕዳይ ሁሉ አብሮ መስጠት ነው።

የይለፍ ቃል በኮምፒዩተር ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፥ ፈርናንዶ ኮርባቶ በመራው ሥራ ነው። ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒዩተር ስለሚጋሩ እያንዳንዱ የራሱን ጽሑፍ ከሌላው እንዲጠብቅ ታስቦ ነበር። በዚያው በ1960ዎቹ ውስጥ አንድ ቀን ሁለት ፋይሎች ተለዋውጠው፥ ለገባው ሰው ሁሉ የዕለቱ ማስታወቂያ መታየት ሲገባው የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል ዝርዝር ታየ። ያ ቀን በፋይል መደባለቅ የመጣ ነው፤ የእኛው ግን በገዛ እጃችን የምናመጣው ነው።

ለእኛ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ላይ ላለነው ጕዳቱ ከዚህም ያልፋል። ያልታረመ ግጥሙን ለስምንት ሰዎች አምኖ የሰጠ ጓደኛ፥ በሳምንቱ በማያውቃቸው ሰዎች አፍ ሲሰማው፥ ሁለተኛ ረቂቅ አያሳየንም። ረቂቅ የማይታይበት ማኅበር ደግሞ የሚተቸው ነገር አይኖረውም፤ ያልተተቸም ጽሑፍ እንደ ጀመረ ይቀራል። እንግዲህ በሩ ሲዘጋብን «ክፈቱልኝ» ከማለታችን በፊት፥ በየትኛው ስም እንደ ተጠራንና በየትኛው ስም እንደ መጣን እንመልከት። ይህ ሁለት ደቂቃ አይወስድም፤ ካልሆነም አድራሻችንን በትክክል ጽፈን ለጋባዡ እንላክለትና እስኪፈቅድልን ድረስ እንጠብቅ።