ብዙ ድምፅ ሁሉ የብዙኃን ነውን?

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን መስጊድ ክፍት ቦታ ላይ ምን ይሠራ ብለን 60 ሰዎች ተሰብስበን ነበር። 24ቱ የሚከራዩ ሱቆች፣ 19ኙ ተጨማሪ የመድረሳ ክፍል፣ 17ቱ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ሱቅ በተክቢራ ጸደቀ፤ እኔም ከተክቢራው አልቀረሁም። ቤቴ ገብቼ ስደምር ግን 36ቱ ሰው ቦታው ለዕውቀት ይዋል ብሏል። የተሸነፈው ድምፁ ለሁለት ስለተከፈለ ነው።

ሁለቱን ቀዳሚዎች ለይቶ እንደገና ማወዳደር ይህን ያቃልላል፤ ፈጽሞ ግን አያድንም። ፈረንሳይ በ2002 እ.ኤ.አ. 16 ዕጩዎች አቅርባ የግራው ወገን ድምፅ ተበታተነ፤ ዋናው ዕጩው ዦስፓን በ16.2 ከመቶ ሦስተኛ ሆኖ ወደቀ። ለ ፔን በ16.9 ከመቶ አለፈ። በሁለተኛው ዙር ግን ሺራክ ከ82 ከመቶ በላይ አገኘ። ለፍጻሜ የደረሰው ሰው ከመራጩ አምስት እጅ አራቱ ያልተቀበለው ነበር ማለት ነው።

እኔ የምለው፣ እያንዳንዱ ሰው ሊስማማበት ለሚችለው ሐሳብ ሁሉ እጁን ያውጣ ነው። አንድ አባት «ሁለቴ እጅ ማውጣት ማጭበርበር አይሆንም ወይ ልጄ?» አሉኝ። ለሁሉም እኩል ከተፈቀደና አስቀድሞ ከተነገረ አይሆንም አልኳቸው። ሱቆቹ ግን መሠረታቸው ወጥቷል።